እኔና በርበሬው በአንድ ፀሐይ

ሰው ብዙ ነገር ሲያንሰው አይቻለሁ። ደም ያነሰው አለ። እንቅልፍ ያነሰው አለ። ትዕግሥት ያነሰውማ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ በሽ ነው። እኔ ግን ፀሐይ አነሰኝ። አትሳቁ። በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት ነው የተሰጠኝ።

እኔ የቆየሁ የአስም ሰው ነኝ። ብርድ ሲነካኝ ደረቴ ሲር ሲር ይላል። ባለቤቴ ሰናይት ከጓዳ ሆና «ማንቆርቆሪያው ፈላ እንዴ?» ትላለች። ፈልቶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ። ተላምደን ነው የምንኖረው፤ እኔና አስሜ ማለቴ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ጉንፋን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ዕቃ ረስቶ እንደወጣ ሰው ተመልሶ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ደግሞ አስሙን ቀስቅሶብኝ ነው የሚሄደው።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስታይህ ግን እንደ አክስት ነው የምታይህ። ደረቴን አዳመጠች፣ ደም አስቀዳችኝ፣ በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ይዛ ጠራችኝ።

«ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶዎታል» አለችኝ።

«ምንድነው እሱ? ከምን ይገኛል?»

«በዋናነት ከፀሐይ ነው። ቆዳዎ ፀሐይ ሲያገኝ ሰውነትዎ ራሱ ይሠራዋል።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን በፖስተር ለውጭ ሰው የምናሳይ ሕዝብ ነን። «ዶክተር፣ እኔ እኮ የምኖረው አዲስ አበባ ነው» አልኳት።

«የሚኖሩበትን አውቃለሁ። የሚውሉት የት ነው?»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። የምውለው ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። መዝገብ ቤቱ ደግሞ ከምድር በታች ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአምፖል ነው የሠራሁት። ጠዋት ስወጣ ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም፤ ማታ ስመለስ ገብታለች። ምሳዬንም ከፋይሎቹ መሃል ነው የምበላው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቤቴ እተኛለሁ። ሳስበው እኔና ፀሐይ በአንድ ከተማ ተቀምጠን አንተዋወቅም።

ሐኪሟ ቀጠለች። ይህ ቫይታሚን ይበልጥ የሚታወቀው በአጥንት ነው፤ ግን ሰውነት በሽታ ለሚከላከልበት አቅምም ያግዛል አለች። ያነሰው ሰው ሲሞላለት ጉንፋኑ፣ በጉንፋን የሚነሣውም አስም ሊቀንስለት ይችላል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ የለም፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየንም የሚሉም አሉ አለች። ስለዚህ የጎደለውን እንሞላለን፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይህን እንክብል ይውጣሉ፤ ትንሽ ትንሽ ፀሐይም ያግኙ። ግን ይስሙኝ፤ በአፍ የሚሳበው ቡናማው ፓፍዎ ጠዋትና ማታ አይቋረጥም፤ አስሙ እንዳይነሣ የሚከላከለው እሱ ነው። ሰማያዊው ፓፍ፣ አስሙ ሲነሣ የሚወሰደው፣ ከኪስዎ አይለይም። ቫይታሚኑ ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

አሁን እንዲህ አንድ በአንድ ስነግራችሁ የሰማኋት ይመስላችኋል። አልሰማኋትም። እኔ የሰማሁት «ፀሐይ» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን ያወቅሁት በኋላ፣ ጮክ ብላ ስትደግምልኝ ነው።

ቤት ገብቼ ለሰናይት ነገርኳት። ሰናይት ምሥጢር አትይዝም ማለቴ አይደለም፤ ትይዛለች፤ ደረጃውን እስክትወርድ ድረስ። በነጋታው ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይጠይቀኝ ጀመር። አንዷ በሹክሹክታ «ዕድሜ ልክ ነው ወይስ ይድናል?» አለች። ሌላው «ፀሐይ የሚወሰደው ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ደግሞ እጄን ይዞ «አይዞህ፣ ጨረቃም አንሷቸው የዳኑ አሉ» አለኝ። የት እንዳየ አልጠየቅሁትም። ብርቱካኑ ጥሩ ነበር።

የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል። ፈቃድ የሞላሁበት ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ ነበር፤ «ፀሐይ ለመሞቅ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ ለረጅም ጊዜ አየኝና ፈረመ። ቅጽ ላይ ይህን ያህል እውነት አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

እንግዲህ ፀሐይዋን ፍለጋ ወጣሁ። የምንኖረው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮታችን ሲከፈት የሚታየው የማዶው ብሎክ ኩሽና ነው። ሰው ምን እንደሚሠራ እናውቃለን፤ ፀሐይ ግን አትገባም። ግቢያችን በብሎክ የታጠረ ስለሆነ ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። አንድ ሚኒባስ ቢቆም የሚሞላው ስፋት። እሱም ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ጥላ ነው።

ያቺ ቦታ ደግሞ ባለቤት አላት። እትዬ ጥሩነሽ።

እትዬ ጥሩነሽ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ስልሳን ያለፉ፣ በርበሬ እያዘጋጁ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ዛላ በርበሬ ይገዛሉ፣ ይቀነጥሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ሸራ ዘርግተው ያሰጣሉ። ከሰንጋ ተራ ድረስ የሚመጣ ደንበኛ አላቸው። ፊታቸውን ግን እውነቴን ነው የምላችሁ በደንብ አላውቀውም ነበር። ራሳቸው ላይ ሻሽ፣ ከሻሹ ላይ ነጠላ፣ አፍና አፍንጫቸው ላይ ሁለት ማስክ ደርበው፣ እጃቸው ላይ ጓንት፣ እግራቸው ላይ ወፍራም ካልሲ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጥቁር ጃንጥላ። ከእሳቸው የሚታየው ሁለት ዓይን ብቻ ነው። ሁለቱም ይቆጣሉ።

የመጀመሪያው ቀን ቁምጣና ካናቴራ ለብሼ፣ ፕላስቲክ ወንበር ይዤ ወረድኩ። ሸራው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጃንጥላው ቀስ ብሎ ዞረ።

«ምነው አቶ ተሾመ፣ ቤት ተቃጠለ?»

«ፀሐይ ልሞቅ ነው እትዬ ጥሩነሽ። ሐኪም አዞኝ ነው።»

«ሐኪሙ እዚህ ቁጭ በል አለህ?»

«ሌላ ቦታ ፀሐይ የለም እኮ።»

ጃንጥላቸውን መለሱ። የተስማሙ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። «ጥላህ! ጥላህ በርበሬዬ ላይ ወድቋል! ጥላህን አንሣ!»

ጥላ እንዴት ነው የሚነሣው? ጠየቅኋቸው። ዘንበል በል አሉኝ። ዘንበል አልኩ። ጎንበስ በል አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ በጀርባዬ ተንጋልዬ ከሸራው ጎን መተኛት ሆነ። ሰናይት ከገበያ ስትመለስ እኔና በርበሬው ጎን ለጎን ተሰጥተን አገኘችን። «የቱን ነው መጀመሪያ የማገላብጠው?» አለች።

በሁለተኛው ቀን ተጣላን። እሳቸው «ይሄ ፀሐይ የእንጀራዬ ነው» አሉ። እኔ «ይሄ ፀሐይ የሕክምናዬ ነው» አልኩ። እሳቸው በርበሬው ካልደረቀ ይሻግታል አሉ። እኔም እሻግታለሁ አልኩ። ነገሩ ጋሽ ደምሴ ጆሮ ደረሰ።

ጋሽ ደምሴ የግቢው ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ፊሽካቸው ግን ጡረታ አልወጣም፤ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ስብሰባ ጠሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተወያየን። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ውሳኔውም ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይዋ የሰው ናት፤ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት የበርበሬ ናት፤ አፈጻጸሙን ሊቀመንበሩ በፊሽካ ይመራሉ የሚል ሆነ። ፈረምን። እትዬ ጥሩነሽም ጓንታቸውን ሳያወልቁ ፈረሙ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፀሐይዋ ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈረመችም። ቆማ አትጠብቅም። ከወዲያኛው ግድግዳ ወደዚህኛው ትሄዳለች። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ በየአሥር ደቂቃው ፊሽካ ይነፋሉ፤ ሁላችንም ተነሥተን ወንበራችንን ይዘን ሁለት እርምጃ ወደ ግራ እንሄዳለን፤ እንቀመጣለን። ሁላችንም ያልኩት በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰው ስለሆንን ነው። «ፀሐይ መድኃኒት ነው፤ ያውም ያለ ወረፋ» ተብሎ ተወርቶ ወገቡን ያመመው፣ ጉልበቱን ያመመው፣ ምንም ያላመመው ሁሉ ወንበር ይዞ ወረደ። ከአብነት የመጡ ሁለት ሴትዮዎች የዘይት ሰልፍ መስሏቸው ገብተው ተቀመጡ። ዘይት እንደሌለ ተነገራቸው። በነጋታውም መጡ።

በዚህ መሃል እኔ ተሻለኝ። እውነቴን ነው። ሳሉ ጠፋ፣ ደረቴ ቀለለኝ። ሰው ሲሻለው ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሐኪም ይሆናል። ለተቀማጩ ሁሉ ስለ ቫይታሚን ትምህርት መስጠት ጀመርኩ። ሳምባ ማለት ቅጠል ነው፤ ፀሐይ ሲያገኝ ይለመልማል አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ግማሹ ጻፈው።

ቡናማውን ፓፍ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ፀሐይ ያለው ሰው በፓፍ ምን ያደርጋል? ለሰናይት ግን አልነገርኳትም። እሷ ፓፉን ጠዋትና ማታ መውሰዴን በጆሮዋ ነው የምትቆጣጠረው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በአፌ «ፍስስ» እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ «ፍስስ»። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ እወጣለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

ሰማያዊውንም ቤት ትቼው መውረድ ጀመርኩ። ቁምጣዬ ኪስ የለውም።

የፈቃዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ አርብ ቀን ነው። አሥራ አንዳችንም ተሰልፈን ተቀምጠናል፤ እትዬ ጥሩነሽ ሸራቸው ላይ የተከመረ በርበሬ ይዘው ከጥላው ውስጥ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ደምሴ ፊሽካውን ነፉ። «የሰው ሰዓት አብቅቷል! በርበሬ ይግባ!» እትዬ ጥሩነሽ «አንድ አፍታ፤ ሰዎቹ መጀመሪያ ይነሡ፤ ብናኙ ያስቸግራቸዋል» አሉ። ጋሽ ደምሴ ግን ሰዓት አክባሪ ሰው ናቸው። ሸራውን በሁለት ጫፉ ያዙና ወደ ፀሐዩ በአንድ ትንፋሽ ጎተቱት። ሸራው ታጠፈ። በዚያው ቅጽበት በብሎኮቹ መሃል ነፋስ መጣ።

ቀይ ደመና አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ውስጡ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሁሉም አነጠሰ። ተሳሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ አልቆም አለ። ከዚያ አየሩ ይገባል፣ አልወጣም ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው አስም ማለት አየር ማጣት ይመስለዋል። አይደለም። ደረትህ በአሮጌ አየር ተሞልቶ በሩ ሲዘጋብህ ነው። ከንፈሬ ሲደነዝዝ ተሰማኝ። ወንበሬን ይዤ ቆምኩ፣ አልቻልኩም፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የፈራሁት። ሁለቱ ልጆቼ ትምህርት ቤት መሆናቸው ትዝ አለኝ። ማታ ሲመለሱ ምን ተብሎ ይነገራቸዋል? አባታችሁ ፀሐይ ሲሞቅ ሞተ?

ሰው ከበበኝ። አንዱ ውኃ አለ፣ አንዱ ሽንኩርት አለ። ጋሽ ደምሴ ፊቴ ቆመው እንደ ተማሪ «ተንፍስ! አንድ! ሁለት! ተንፍስ!» እያሉ በፊሽካ ያዝዙኛል። መናገር ስላቃተኝ ጣቴን ወደ ላይ አነሣሁ። አራተኛ ፎቅ ማለቴ ነው። ፓፌ እዚያ ነው ማለቴ ነው።

ከዘይት ሴትዮዎቹ አንዷ ጣቴን አየችና ጮኸች። «ወደ ሰማይ እያመለከተ ነው! ሊሄድ ነው!»

እሪታው ቀለጠ። እኔ ጣቴን እያወዛወዝኩ አራት ለማለት አራት ጣት አሳየሁ። «አራት ልጅ አለኝ ይላል! ሁለቱን ከማን ወልዶ ነው?» አለ አንዱ። ልሞት ነው፤ በዚያ ላይ በሐሜት ልሞት ነው።

በዚህ ጊዜ ጃንጥላው ወደቀ። እትዬ ጥሩነሽ ሰዉን በክንዳቸው ገፍተው መጡ። ሁለቱን ማስክ ወደ አገጫቸው አወረዱ። እጃቸውን ጡታቸው ሥር ከተው አንዲት ሰማያዊ ፓፍ አወጡ። ወገባቸው ላይ የታሰረ ከረጢት ፈትተው ቂጡ የተበሳ የውኃ ፕላስቲክ አወጡ፤ ፓፉን በቀዳዳው ሰኩ፤ የፕላስቲኩን አፍ አፌ ላይ ገጠሙ።

«እየኝ» አሉኝ። «ሌላ ሰው አትይ። እኔን እየኝ። አሁን እነፋለሁ። ቀስ ብለህ ሳብ። ቀስ። እንደገና። ጎበዝ። እንደገና።»

ትንሽ ቆይተው ሁለተኛ ነፉ። ሦስተኛ። አራተኛ። የመጀመሪያ ቀናቸው እንዳልሆነ ያስታውቃል። ቀስ በቀስ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ጭላንጭል፣ ከዚያ ጭላንጭሉ ሰፋ። ጋሽ ደምሴ ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አሉ።

«ከደረቴ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፤ ማስካቸውንም መለሱ።

ታክሲ ተጠርቶ ወደ ክሊኒክ ስወሰድ እትዬ ጥሩነሽ አብረውኝ ገቡ። ለእኔ አዝነው መስሎኝ ነበር። «ፓፌን ይዘህብኝ እንዳትሄድ ነው» አሉ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። አስም ከያዛቸው ሃያ ዓመት አልፏል። ከልጆቻቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

«ምነው ደበቁት?»

«ሰው ሲሰማ ምን ይላል? የምታስል ሴትዮ በርበሬ ይላል። አስም ይጋባል ብሎ የሚያምን ስንት አለ መሰለህ! ሦስት ልጅ ያሳደግሁት፣ ያስተማርኩት በዚህ በርበሬ ነው።»

«በርበሬው ራሱ አይብስብዎትም?»

«ይብስብኛል እንጂ! ለምን መሰለህ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኜ የምውለው?»

አንገቴን ደፋሁ። እኔ ሳልደብቅ አስም አለብኝ ብዬ ብርቱካን እየበላሁ ከእኚህ ሴት ጋር በጥላ ተጣላሁ። እሳቸው ሃያ ዓመት ሙሉ በሁለት ማስክ ውስጥ እየታፈኑ ሳላቸውን ሲውጡ ነበር።

ክሊኒክ እንደደረስን በጭንብል የሚሰጥ መድኃኒት አደረጉልኝ። ደረቴ ሲረጋጋ ሐኪሟ ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠች። እንደ አክስት አየችኝ።

«ቡናማው ፓፍስ?»

ሳልመልስ ሰናይት እያለከለከች ገባች። ጎረቤት ደውሎላት ነው። «ይወስዳል እኮ ዶክተር! በየጠዋቱ ይወስዳል! ድምፁን እሰማለሁ!»

ሐኪሟ አየችኝ። ሰናይት አየችኝ። እትዬ ጥሩነሽ በሁለት ዓይናቸው አዩኝ። ምን አማራጭ አለኝ? «ፍስስ» አልኩ በአፌ።

ከዚያ ሐኪሟ ያን መጀመሪያ የነገረችኝን ሁሉ ደገመችው፤ አሁን ግን ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡ በሽተኞች ጭምር እስኪሰሙ። ተጨማሪ ነው አላልኩም? ምትክ አይደለም አላልኩም? የተሻለዎት ፀሐይ ስለሞቁ ብቻ ይመስልዎታል? ከዚያ አቧራማ መዝገብ ቤት ለሁለት ሳምንት መውጣትዎስ? ቡናማው እስከዚያ የሠራውስ ሥራ? ከዚያን ቀን ጀምሮ የመታጠቢያ ቤቱን በር ክፍት አድርጌ ነው ፓፌን የምወስደው። ሰናይት ቆማ ታያለች።

ሐኪሟ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞረች። መመርመር አይፈልጉም ነበር፤ «እኔ ደህና ነኝ» አሉ እያፏጩ። እያፏጩ ያልኩት በደረታቸው ነው። ተመረመሩ፣ ደምም ሰጡ። ውጤቱ ሲመጣ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ቫይታሚን ዲያቸው ከእኔም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እትዬ ጥሩነሽ ተቆጡ። «ይሄ ማሽን ተበላሽቷል! እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋልኩ ሰው ነኝ!»

«ውለዋል እናቴ» አለች ሐኪሟ። «ግን በሻሽ፣ በነጠላ፣ በማስክ፣ በጓንት፣ በጃንጥላ። ቆዳዎ አላያትም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ፀሐይ ማን ወሰደው?»

እኔና ሐኪሟ ተያየን። «በርበሬው» አልኩ ቀስ ብዬ።

ለእሳቸውም እንክብልና ቡናማ ፓፍ ታዘዘላቸው። በርበሬውን እሳቸው ሳይሆኑ ሌላ ሰው እንዲያገላብጠው፣ ሰው ከሚቀመጥበትም እንዲርቅ ተመከሩ። ጋሽ ደምሴ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው በራሳቸው ላይ ግሳጼ ወሰኑ፤ ለብቻቸው ድምፅ ሰጡ፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ። በርበሬው ከግቢው ውጭ ወደ ብሎኩ ጀርባ፣ የከሰዓት ፀሐይ ወደምትገኝበት፣ እስከዚያ ማንም ወዳላሰበው ጠባብ ቦታ ተዛወረ። የሚያገላብጡትም ጋሽ ደምሴ ሆኑ። በፊሽካ ነው የሚያገላብጡት፤ ለማን እንደሚነፉ አላውቅም።

ፈቃዴ አልቆ ሥራ ብገባም በምሳ ሰዓት ፋይሌን ትቼ እወጣለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ግቢ ውስጥ እቀመጣለሁ። እትዬ ጥሩነሽም ይመጣሉ። መጀመሪያ ጓንቱን አወለቁ። በሳምንቱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ነጭ ነበር፤ ራሳቸውም ደንግጠው አዩት፤ የሰው ክንድ ይዘው የወረዱ መሰላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሁለታችንም ስንመረመር ቫይታሚናችን ሞልቷል። የእኔ ጉንፋን እንደ አምናው አልተመላለሰብኝም። እንክብሉ ነው? ቡናማው ነው? ከምድር በታች መውጣቴ ነው? ሐኪሟን ጠየቅኋት። «አላውቅም፤ ሁሉንም ይቀጥሉ» አለችኝ። ሐኪም አላውቅም ሲል ደስ እንደሚለኝ ያን ቀን አወቅሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ትምህርት ይወጣው ነበር። አላለቀም።

ከዚያ የሦስት ወር ምርመራ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ሰንጋ ተራ ምግብ ቤት ያላት ደንበኛቸው ሦስት ኪሎ ልትወስድ መጣች። እትዬ ጥሩነሽ ማስክ ሳያደርጉ ጆንያውን ሲፈቱ ብናኙ ቦነነና ያዛቸው። ገና ሕክምናውን ከጀመሩ ጥቂት ሳምንት ነበር። ወደ እኔ አዩ። መደበቂያ ጊዜ የለም። ፓፋቸውን አውጥተው ደንበኛቸው ፊት ሳቡት። ሁለት ጊዜ። ሃያ ዓመት የተደበቀ ነገር እዚህ ወደቀ አልኩ።

ሴትዮዋ ዓይኗን አፍጥጣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ ይሄ በርበሬ ነው እንዲህ ያደረገዎት?» አለች።

መናገር ስላልቻሉ በራሳቸው አዎ አሉ።

«ሳይቀምሱት? ሽታው ብቻ?»

አዎ አሉ።

ሴትዮዋ ጆንያውን በአክብሮት አየችው። «እንደሱ ከሆነማ አምስት ያድርጉልኝ» አለች።

ወሬው ሰንጋ ተራን ዞሮ ሜክሲኮ ደረሰ። ባለቤቷን ያንበረከከ በርበሬ ተባለ። ደንበኛው በዛ። ሰዉ እየመጣ በርበሬውን ሳይሆን እትዬ ጥሩነሽን ነው የሚያየው፤ ጆንያው ሲከፈት ካሳሉ ይገዛል።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ቡናማውን ፓፍ በሥርዓት ስለሚወስዱ ደረታቸው ጸጥ አለ። ደንበኛው ደግሞ ማጉረምረም ጀመረ። «የአሁኑ ኃይሉ ቀንሷል፤ ሴትዮዋን እንኳ አላሳላቸውም» ይላል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ አይተው ጠሩኝ።

«ተሾመ፣ ና እስኪ። ያ ወዲህ የሚመጣው ሌላ ሰውዬ ሲደርስ አጠገቤ ቁጭ በልና ትንሽ አስልልኝ።»

ምን ልበል? ሕይወቴን ያተረፉ ሴት ናቸው። ደረቴ እንደ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ሆኖም ወንበሬን ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው መጣ፣ ጆንያው ተከፈተ፣ ሳልኩ። ሁለት ኪሎ ሊወስድ የመጣው ሰው አራት ይዞ ሄደ። እትዬ ጥሩነሽ ግን ሰውዬው ከበሩ እንደወጣ ዞር ብለው አዩኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ፤ «ግን ነገ ከልብህ አስል።»